አያቴ ተናግራ እኔ ያልተረጎምኩት

ስሜ አሪየት ነው። ስምንተኛ ክፍል ነኝ። አምናም ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የደገምኩት ግን ታምሜ ነው እንጂ ሰንፌ አይደለም፤ ይህ ከሁሉ በፊት እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ለትምህርት ቤታችን ክበብ ስለ ሕመሜ እንድጽፍ ያዘዘችኝ የአማርኛ ቲቸራችን ናት። አንድ ገጽ ይበቃል ብላኝ ነበር። እኔ ግን አምና በዚህ ወር "ውሃ" የሚለውን ቃል እንኳ ፈልጌ ያጣሁ ልጅ ነኝ። አሁን ቃላቱ ሁሉ ተመልሰው በር ላይ ሲጋፉ በአንድ ገጽ ላስቆማቸው አልችልም፤ ቲቸር ይቅርታ ታድርግልኝ።

ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይሂድ። አንደኛው፣ የሚመግል ጆሮ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛውን ስደርስበት እናገራለሁ፤ ትንሽ ያሳፍራል።

ጆሮዬ መመገል የጀመረው ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ባሮ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ጆሮው ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ለአንዳንዱ ይደርቅለታል፣ ለአንዳንዱ አይደርቅለትም። የእኔ ግራ ጆሮ አልደረቀም። ክረምት ሲገባ ይፈሳል፣ በጋ ሲሆን ይተወኛል። እናቴ በጥጥ ትጠርግልኛለች። ዘይት አሙቃችሁ ጠብ አድርጉላት ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እሱም ተደረገ። ማንም እንደ በሽታ አልቆጠረውም። እኔም ሽታው ለሌላ ልጅ እንዳይሰማ ግራዬ ወደ ግድግዳ የሚሆንበትን ቦታ መርጬ ከመቀመጥ በቀር ምንም አላሰብኩም።

ዋናው በሽታ የመጣው አያቴ ከኢታንግ ወደ ከተማ ከመጣች በኋላ ነው። ይህ ታሪክ ከቅናት ጋር የተጠላለፈ ስለሆነ ቅናቱን ትቼ በሽታውን ብቻ ልናገር ብል አይሆንልኝም።

እኛ ቤት ሁለት ሴት ልጆች አለን። ትልቋ እኔ ነኝ። እህቴ አጁሉ ሁለት ዓመት ታንሰኛለች። አባቴ ሥራው ከተማ ስለነበረ እኔን ለትምህርት ጋምቤላ ሲያመጣኝ፣ አጁሉ ኢታንግ አጠገብ ካለው መንደራችን ከአያቴ ጋር ቀረች። ስለዚህ አጁሉ የአያቴ ልጅ ናት፣ እኔ ደግሞ የአያቴ የልጅ ልጅ ነኝ። ልዩነቱን የቀመሰ ያውቀዋል። አያቴ በቅል የምትስበውን ጋያዋን የምትለኩስላት አጁሉ ናት። እኛ አኝዋኮች ድሙይ የምንለውን፣ ድሮ ለጥሎሽ ይሰጥ የነበረውን ሰማያዊ ዶቃ፣ አያቴ አንዲት ፍሬ በክር አድርጋ ያሰረችው አጁሉ አንገት ላይ ነው። እኔ የአማርኛ መጽሐፍ ሳልደናቀፍ ባነብላት "ጥሩ ነው" ትልና ፊቷን ታዞራለች። አጁሉ ዓሣ ስትበልት ግን ቁጭ ብላ ታያታለች።

(ቲቸር ስለ ታላቅ ሰው ሲጻፍ "አሉ" ነው የሚባለው ብላ አርማኝ ነበር። በአኝዋክኛ ግን "አሉ" ብሎ ማክበር የለም፤ አያቴን "አሉ" ብዬ ብጽፍ የሌላ ሰው አያት ትመስለኛለች።)

ጋምቤላ ክልል ከሆነች በኋላ አባቴ አዲስ በተከፈተ ቢሮ ተመደበ። የቢሮው ወንበሮች ገና ላስቲካቸው አልወለቀም ነበር። ያን ጊዜ ነው አያቴንና አጁሉን ወደ ከተማ ያመጣቸው፤ አያቴ መርሳት ጀምራ ነበር። ድስት ጥዳ ትሄዳለች። ወንዝ ወርዳ የመመለሻው መንገድ ይጠፋባታል። እኔ ሳልወለድ የሞተውን ወንድ አያቴን ከዓሣ ማጥመድ አልተመለሰም ወይ ትላለች።

ታዲያ አያቴ አንድ ነገር በረሳች ቁጥር ቤቱ በሙሉ ይንሰፈሰፍላታል። እናቴ የደረቀ ዓሣዋን ገበያ ላይ ለጎረቤት ጥላ ትመጣለች። አባቴ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እሷ ነው። እኔም በዚያው ሰሞን መርሳት ጀመርኩ። ራሴን ከግራ ጆሮዬ በላይ ይወግረኛል፣ ትኩሳት መጣ ሄደ ይለኛል፣ የያዝኩት ነገር ከቀኝ እጄ ይወድቃል፣ ልናገር ስል ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ይጠፋል። አያቴ የቅሉን ስም ስትረሳ "እርጅና ነው፣ አይዞሽ" ትባላለች። እኔ የቅሉን ስም ስረሳ "ልብሽን የት ጥለሽ መጣሽ" እባላለሁ። አንድ ቀን ሳህን ሰብሬ ስሙን ልጠራ አቅቶኝ ስንተባተብ እናቴ በጣም ተቆጣች። በአያቴ ማሾፌ መስሏት ነው።

"በታመመ ሰው አይቀለድም፤ ነገ በራስሽ ይደርሳል" አለችኝ።

በራሴ ደርሶ ነበር፤ እሷም እኔም አላወቅንም።

ጤና ጣቢያ አልሄድሽም ወይ ለሚለኝ፣ ሄጃለሁ፣ ያውም ሦስት ጊዜ። በእኛ ከተማ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ "ዶክተር" ነው። የእኛ ዶክተር የጤና ረዳቱ ጋሼ ወርቁ ነበር፤ ከደጋ የመጣ፣ ቀልደኛ፣ ደግ ሰው። ራስ ምታትና ትኩሳት ስለው ገና ሳልጨርስ ክኒን ይቆጥራል። በጋምቤላ ራስ ምታት ወይ ወባ ነው ወይ ፈተና ነው፣ አንቺ ደግሞ ፈተናሽ ገና ነው አለኝ። ሦስት ጊዜ የወባ ክኒን ወሰድኩ፤ ሰውነቴን ከማሳከክ በቀር ያመጣልኝ የለም። አልፈርድበትም። ሌሎቹ ልጆች በእርግጥ ወባ ነበረባቸው፤ እኔም ስለ ጆሮዬ አልነገርኩትም። ጆሮ ከራስ ጋር ምን አገናኘው?

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቆሞ መጥፋቱ ነበር። ቆሜ እያለሁ ለጥቂት ጊዜ የለሁም። ስመለስ ሰዎች ሌላ ወሬ ጀምረዋል። ለማንም አልተናገርኩም። ያየ ሰው አለ ብዬም አላሰብኩም።

ከዚያ አባቴ ለአያቴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ የሪፈር ወረቀት አገኘላት። እዚያ ያለ አንድ ሐኪም የሚረሱ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ጭንቅላት ፎቶ እያነሳ ያጠናል መባሉን ሰምቶ ነው። አባቴ ራሱ ለስብሰባ በቢሮው ላንድክሩዘር ስለሚሄድ ሁለት ሰው የሚሆን ቦታ አለ። አንዱ የአያቴ ነው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሦስት ቀን ቆየ። አያቴ አማርኛ አንድ ቃል አትችልም፤ አባቴ ስብሰባ ሲገባ የሚያስተረጉምላት ሰው ያስፈልጋል።

አያቴ አጁሉ ትምጣ አለች። አባቴ ደግሞ የአጁሉ አማርኛ ገና ነው፣ አሪየት ትሂድ አለ። በዚያ ሌሊት ራሴ እየፈነዳ እንኳ በደስታ አልተኛሁም። አጁሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር እንደ መዝሙር ነው የጣመኝ።

ደስታዬ ጎሬ እንኳ ሳንደርስ አለቀ። አያቴ መኪና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ በየመንደሩ "አጁሉ የታለች?" ትላለች። ቤት ቀርታለች እላለሁ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። ሁሉን ነገር ስትረሳ ያንን ስም ብቻ ለምን አትረሳም እያልኩ ተናደድኩ። ተራራው ላይ ስንወጣ ብርድ መጣ፤ ጋቢ አለበስኳት። ጋቢውን ያለበሳት እጅ የማን እንደሆነ እንኳ አላየችም።

የአዲስ አበባው ሆስፒታል መጠበቂያ አዳራሽ ረጅም ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ብዙ ሰው ተቀምጦባቸው ለስልሰዋል። ሰው ሁሉ ካርዱን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ይዞ ይጠብቃል። አያቴ ጋያዬን አምጡልኝ እያለች ታስቸግረኛለች። እዚህ አይጨስም ስላት "ታዲያ ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ?" አለችኝ። ይጠብቃሉ አልኳት። "ምን?" አለች። እኔም አላወቅሁም።

በሁለተኛው ቀን ዶክተር መኮንን ጠራን። ወጣት ነው፤ ድምፁ ቀስ ያለ ነው። ፎቶው የሚነሳው በማግስቱ እንደሆነ ነግሮን አስቀድሞ ጥያቄ የተጻፈበት ረጅም ወረቀት አወጣ። ፎቶ ብቻውን አይናገርም፣ ሰውየውንም መጠየቅ ያስፈልጋል አለ። አባቴ ስብሰባ ነበር። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ወንበሬን አስጠግቼ እንደ ትልቅ ሰው ተቀመጥኩ።

ቀኑ ስንት ነው ሲላት አያቴ ውሃው ጎድሏል አለች። ሦስት ቃል አስይዣት አለኝ፤ ቤት፣ ላም፣ መስተዋት። እኛ ላም አናረባም፣ ዓሣ ልበልላት ወይ ብዬ ስጠይቀው ስቆ ወረቀቱ ላይ ሰርዞ ጻፈ። ያን ጊዜ ራሴን እንደ ግማሽ ዶክተር ቆጠርኩ። ሰዓት ይሳሉ ሲላት ደግሞ እርሳስ ይዛ የማታውቀው አያቴ አንድ ክብ ሠራችና ከጎኑ ረጅም ሰንበር አወጣችለት። ጋያዋን ነው የሳለችው። ሦስታችንም ሳቅን።

የልጅ ልጆችዎን ስም ይጥሩ አላት። "አጁሉ" አለች። ሌላስ? "አጁሉ።"

የሰማሁትን ተረጎምኩ።

በመጨረሻ ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "እማማ፣ የሚያሳስብዎት ነገር አለ?" አለ። ተረጎምኩላት። አያቴ ወደ እኔ ዞረችና ብዙ ካየችኝ በኋላ በአኝዋክኛ እንዲህ አለች፦

"ይህችን ለምን አመጣችኋት? አጁሉ ነበረች መምጣት ያለባት። ይህቺ ቤቷ መተኛት ነበረባት። እጇ ይዝላል። ጆሮዋ ይሸታል፤ ሽታው ተለውጧል። ቆማ ትሄዳለች፤ ዓይኗ ክፍት ነው፣ እሷ ግን የለችም። እኔን ትተህ እሷን እይ በለው።"

ሁሉንም ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ ብጽፍ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ግን ሰምቻለሁ። ልቤ ላይ የተተከለው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ አጁሉ ነበረች መምጣት ያለባት። የቀረውን ደግሞ ለራሴ በቁጭት ተረጎምኩት፤ በአጁሉ ቦታ ስለመጣሁ እንከኔን እየቆጠረች ልታባርረኝ ነው አልኩ። ታማለች ከተባለ ወንበሬ የሌላ ሊሆን ነው።

ዶክተሩ ይጠብቀኛል። "ብዙ ነገር ተናገሩ፤ ምን አሉ?" አለኝ።

"ምንም የለም ትላለች። ደክሞኛል ትላለች" አልኩት።

ደክሞኛል ብሎ ሲጽፍ አየሁት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ተራችንን እየጠበቅን ሳለ፣ ወደቅሁ። የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። ተንቀጥቅጫለሁ፣ አረፋ ደፍቄአለሁ፣ ሰዉ ወንበሩን ትቶ ሸሽቷል። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ይዞልኛል። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ በላይነሽ ክብሪቱን ከእጁ መንጭቃ በጎኔ አስተኝታኝ ነጠላዋን ከራሴ ሥር አድርጋለች። አያቴ ቆማ በአኝዋክኛ እየጮኸች ያለማቋረጥ ትናገር ነበር አሉ። የሚያስተረጉምላት ሰው ግን መሬት ላይ ተኝቷል። የአሮጊት መቀባጠር መስሏቸው እጇን ይዘው አስቀመጧት።

ስነቃ አማርኛ የለኝም። እንዴት ላስረዳችሁ? ሰዎቹ ሲናገሩ ድምፁን እሰማለሁ፣ እንደ ወንዝ ድምፅ ነው፤ ልመልስ ስል አፌ ባዶ ነው። አኝዋክኛም ቢሆን ተቆራርጦ እንደ ጨርቅ ተበጣጥሷል። ከየት መጣች? ከጋምቤላ። ትኩሳት አላት? አላት። እንግዲያው ወደ ራስ የወጣ ወባ ነው ተባለና ኩዊኒን የሚባል የወባ መድኃኒት በግሉኮስ ይንጠባጠብልኝ ጀመር። ሁለት ቀን። ጆሮዬ ይጮኻል፣ ራሴ ይሰነጠቃል፣ ቀኝ እጄን ፈልጌ አጣዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተር መኮንን ሊጠይቀኝ መጣ። የወባው መድኃኒት ለምን እንዳልሠራ ግራ ገብቶታል። ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች ወይ፣ የሚያማት ሌላ ቦታ አለ ወይ ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ከወባ በቀር የለም አለ። አላየም፤ ሥራ ላይ ነው የሚውለው። ከዚያ አባቴ አያቴን በአኝዋክኛ ጠየቃት፤ ከልጅቷ ላይ ያየሽው ነገር አለ ወይ አላት።

አያቴ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ አየችኝ። "የማን ልጅ ናት የተኛችው?" አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ንግግር ከተናገረችው ሰው ጠፍቷል። አሁን በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የደበቅሁት እኔ ዘንድ። እኔ ደግሞ ቃል የለኝም።

ከባድ ዕቃ እንደሚጎትት ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ ጎተትኳቸው። በአኝዋክኛ "አያቴ ተናግራ ነበር" ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አባቴ መቼ፣ ምን አለኝ። "እኔ... ደበቅሁ" አልኩት። ከዚያ ቃሉ አለቀ። በግራ እጄ ጆሮዬን ጎተትኩ። ቀኝ እጄን አንስቼ ለቀቅሁት፤ አልጋው ላይ ዱብ አለ። ዓይኔን ክፍት አድርጌ እንደ ሞተ ሰው ፈዘዝኩለት። አባቴ ጎበዝ ነው፤ ገባው። ለዶክተሩ ነገረው። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ግራ ጆሮዬን አሸተተ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

አባቴ ቀስ ብሎ በቋንቋችን "ለምን ደበቅሽው?" አለኝ።

"አጁሉን ስለፈለገች" አልኩት። ይህቺኛዋ ዓረፍተ ነገር ሳትሰበር ወጣች።

አልተቆጣኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዶክተሩ ምን አለች ብሎ ቢጠይቀው አባቴም አልተረጎመም።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። እኛ ጋ ለአባት፣ ለእናት፣ ለአያት ጤና ጣቢያ ገብተን የምናስተረጉም ብዙ ልጆች ነን። ያሉትን ሁሉ ተናገሩ። የማይረባ የመሰላችሁን፣ ያሳፈራችሁን፣ ስለ እናንተ የተባለውንም ጭምር። የምትዘሉት ነገር የራሳችሁ ነፍስ ሊሆን ይችላል።

የጭንቅላት ፎቶ የሚያነሳው ማሽን እንደ ልብ አይገኝም። ቀጣዩ ክፍት ተራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የወደቅኩ ዕለት ያመለጣት የአያቴ ተራ ግን ዶክተሩ ጆሮዬን ባሸተተ ማግስት እንዲሆን ተዛውሮ ነበር። ዶክተሩ መዝገቡ ላይ የአያቴን ስም ሰርዞ ከላዩ የእኔን ጻፈ። እንደዚያ ታምሜም ቢሆን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ስሜ ከላይ ሆነ።

ማሽኑ ጭንቅላትን እንደ ዳቦ ቆርሶ ቆርሶ የሚያሳይ ነው፤ ሳይነካ ማለቴ ነው። ፎቶው ላይ በግራ በኩል መሃሉ የጠቆረ ነጭ ቀለበት ታየ። የጆሮዬ መግል ለዓመታት ቀስ እያለ አጥንቱን በልቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ጎጆ ሠርቷል። የሠራውም ቃላት ከሚቀመጡበት ክፍል ሥር ነው። ዶክተሩ ለአባቴ እንደነገረው፣ ሌላ ጥቂት ሳምንት ብንቆይ ጎጆው ይፈነዳ ነበር። ያ ከሆነ ደግሞ ሐኪም የሚሠራው ሥራ የለም።

የሚፈውሰው መርፌ ነው። የራስ ቅል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ረጅም መርፌ ይገባና መግሉ ይመጠጣል። ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ ሲያስረዳ አባቴ ለእኔ ይተረጉማል፤ አስተርጓሚ ያስፈለጋት አሁን እኔ ሆንኩ። በአጭሩ መንገድ ከገባን ቃላትሽን ወግተን ነው የምናልፈው አለ፤ ስለዚህ ከጆሮሽ በላይ፣ ዝቅ ብለን እንገባለን። እኔ በተቆራረጠ አኝዋክኛ፣ በአባቴ በኩል፣ መርፌው አይታጠፍም ወይ አልኩት። ታንኳ እንኳ ከኋላ የቆመው ሰው በዘንግ እየመራ ድንጋይ እንዳይነካ ያዞረዋል። ሐኪሙ አባቴን ደግሞ እንዲነግረው ጠየቀው፤ ከዚያ ሳቀ። ውስጥ ገብቶ እንደተፈለገው የሚታጠፍ መርፌ ለመሥራት የሚደክሙ ሰዎች በውጭ አገር አሉ ይባላል፣ እኔ ግን አይቼው አላውቅም አለ። "የእኛ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ነኝ መታጠፍ ያለብኝ።"

ግማሽ ስኒ የሚሞላ መግል ወጣ። ጸጉሬ በግራ በኩል ተላጭቶ ነበር፤ ስነቃ መጀመሪያ የታወሰችኝ የአጁሉ ሹሩባ ናት።

ስድስት ሳምንት መርፌ በደም ሥሬ ወሰድኩ። ሌሊቱ ያስፈራ ነበር፤ አልዋሽም። አንድ ቃል ጠርቼ ከጠፋብኝ እስኪነጋ እፈልገዋለሁ። የመጀመሪያው አማርኛዬ የተመለሰው እትዬ በላይነሽ ወለል ስትወለውል ነው። "ብርድ" አልኳት። መወልወያዋን ጥላ ሄደች፤ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀው ጋቢ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ዕቃ እያነሳች "ይሄ ምንድን ነው?" ትለኛለች። ባልዲ። ማንኪያ። ቁልፍ። ከሳትኩ "አንቺ ሰነፍ፣ ነገ ይዘሽው ጠብቂኝ" ትለኛለች። ቲቸሮች አይቀየሙ እንጂ እንደ እሷ ያስተማረኝ የለም።

አያቴ ፎቶዋን የተነሳችው በሁለት ሳምንቱ ነው። ፎቶውን ሦስት ሐኪሞች ከብበው አዩት። የእኔን ያዩት ሁለት ናቸው። ቀናሁ፤ ምን ላድርግ? ዶክተር መኮንን ለአባቴ ሲያሳየው አጠገባቸው ነበርኩ። መሃል ላይ ያለው የውሃ ቦታ ሰፍቷል፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ውሃ ሲሸሽ እንደሚሰነጣጠቅ የባሮ ጭቃ ተለያይቷል። ከጥያቄው ጋር ሲያያዝ አልዛይመር የሚባል በሽታ ይመስለኛል አለ፤ ተራ እርጅና አይደለም፣ አእምሮ ቀስ በቀስ የሚከሳበት በሽታ ነው። አባቴ መድኃኒቱስ አለ። ዶክተሩ የለም አለ፤ ፎቶ የምሰበስበውም አንድ ቀን እንዲኖር ብዬ ነው።

የእኔ በመርፌ ተመጥጦ ወጣ። የእሷ የሚመጠጥ ነገር አልነበረውም። በዚያ ቀን አያቴ ብትቀናብኝ እውነቷን ነበር። ግን አልቀናችብኝም። ለመቅናት ማስታወስ ያስፈልጋል።

ወደ ቤት ስንመለስ አጁሉ በር ላይ ቆማ ነበር። ራሴን አየች፣ ጠባሳዬን አየች፣ አያቴን ይዛ ገባች። አንድ ሳምንት አላናገረችኝም። በመጨረሻ ምን ሆነሽ ነው ስላት "ሁለት ወር ሙሉ ብቻሽን ከእሷ ጋር ነበርሽ" አለችኝ። በሕይወቴ ሰው ሲቀናብኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ኃጢአት ከሆነም ይሁን፤ ያን ቀን ሁለት ሳህን ዓሣ በላሁ። ማታ ላይ ግን ከእሷ ጎን ተኛሁና እትዬ በላይነሽ ያስተማረችኝን ቃላት ሁሉ አስተማርኳት።

መውደቁ አልተመለሰብኝም። እንዳይመለስ በየማታው አንድ ክኒን እወስዳለሁ፤ ለሁለት ዓመት ነው። ትምህርት ቤት መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ልጆች ይጋባል ብለው ከዴስኬ ተነስተዋል። አይጋባም። ጋሼ ወርቁ ደግሞ አሁን ትኩሳት ያለበት ልጅ ሲመጣ ክኒን ከመቁጠሩ በፊት ጆሮውን ያሸታል፤ የጋምቤላ ልጆች ስም አውጥተውለታል፣ እዚህ አልጽፈውም።

ዶክተር መኮንን ባለፈው በጋ ለጥናቱ በአውሮፕላን ጋምቤላ መጣ። ፎቶ ካነሳቸው ሰዎች ሁሉ ዘንድ እየዞረ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይጠይቃል። አያቴ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጣ ነበር። አጁሉ ከኋላዋ ቆማ ትደግፋታለች። ዶክተሩ ወረቀቱን ዘርግቶ ወደ እኔ ዞረ። "ሁሉንም ትነግሪኛለሽ?" አለኝ። ሁሉንም አልኩት።

ቀኑን አላወቀችም። ቃላቱን አልያዘችም። የልጅ ልጆቿን ስም ሲጠይቃት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አጁሉ የሚለው ስም ራሱ አልመጣም። አጁሉን አላየኋትም፤ ማየት አልፈለግሁም። "አላስታውስም ትላለች" አልኩት። ጻፈ።

ከዚያ ዶክተሩ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። "እማማ፣ ይህቺ ልጅ ማን ናት?"

ተረጎምኩ። አያቴ ቀኝ እጄን ያዘች። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጨመቀቻቸው፤ እኔም መልሼ ጨመቅኋት። ራሴን ወደ እሷ ጎትታ ግራ ጆሮዬን አሸተተች። ዓይኔን ብዙ አየችው። ከዚያ ለቀቀችኝና ተናገረች።

"አላውቃትም ትላለች" አልኩት ዶክተሩን። "ግን ድናለች ትላለች።"

የመጀመሪያውን ቅጹ ላይ ጻፈው። ለሁለተኛው ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረም፤ ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው ጻፈው።